በማንጎው ሥር የተደረገው የቢና የሲ ጦርነት

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አምስት መቶ አሥራ ስምንተኛው ዓመት፥ በዘመነ ማርቆስ፥ በምድረ ጋሞ፥ ከሁለቱ ሐይቆች ራስጌ በተቆረቆረችው በአርባ ምንጭ ከተማ፥ ማንጎ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እየወደቀ የተኛን ሰው በሚያስበረግግበት ወራት፥ ሥዩመ ጉባኤ ሽመክት ወልደ ወለቴ፥ የዶርዜው አንበሳ፥ የነርሲንግ ዲግሪ ባለቤት፥ የሙያ ፈቃድ ፈተና ግን ገና ያልቀናቸው፥ በሊቀ መንበርነት በነገሡ በመጀመሪያው ዓመት የሆነው ሁሉ ይህ ነው። የጻፈው ከጉባኤው ሰዎች አንዱ ነው፤ ያየውን እንዳየው ጻፈ፥ ያላየውን ከታመነ ሰው ሰምቶ ጻፈ፥ ያልሰማውን ደግሞ ለሊቀ መንበሩ ክብር በሚስማማ መንገድ ሞላው።

ስለ ምን ዘመቱ ቢሉ፥ ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዙር ወደዚሁ ፈተና ዘምተው ሳይቀናቸው ተመልሰው ነበር፤ ይህ ዜና መዋዕል ያንን ቀን «የመጀመሪያው መዓት» ይለዋል እንጂ ወደቁ አይልም፥ ሥዩማን አይወድቁምና። በኦቾሎ ሸንተረር ላይ ያለ የአንድ ጤና ጣቢያ ኃላፊም ለሊቀ መንበሩ የሥራ ቦታ ጠብቆላቸው ነበር፤ ነገር ግን እስከዚህኛው ዙር ብቻ እንደሚጠብቅ፥ ከዚያ ወዲያ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ከሁሉ የባሰው ግን እናታቸው እማማ ወለቴ፥ በዶርዜ ጥጥ ፈትለው የሚኖሩ፥ ልጄ ሐኪም ሆኗል ብለው በገበያ መሐል አውጀው ጨርሰዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የደጋው ሴት ሁሉ ጉልበቱንም ወገቡንም እየያዘ፥ ልጅሽ መቼ ይመጣል እያለ ይጠይቃቸዋል። አሁን ደግሞ ባይቀናቸው ሥራው ይሄዳል፥ እማማ ወለቴም ገበያውን በየት በኩል ዞረው እንደሚወጡ እግዜር ይወቅ። ሊቀ መንበሩ ይህን በልባቸው ይፈሩ ነበር፤ በአደባባይ ግን ደረታቸውን ነፍተው ይታዩ ነበር።

ወእምዝ ለፈተናው አብሮ የሚያጠና ሠራዊት ሰበሰቡ። በሴቻ ሰፈር ከተከራዩዋት አንዲት ክፍል ደጅ፥ ከማንጎው ዛፍ ሥር ዙፋናቸውን ዘረጉ፤ ዙፋናቸውም አንድ እግሯ በድንጋይ የተደገፈች ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ነበረች። ወደ እርሳቸው የመጡትም እነዚህ ናቸው፦ ፊታውራሪ ላቀው፥ ሊቀ መንበሩ ሲስሉ አብሮ የሚስል፥ ሊስቁ ሲያስቡ ቀድሞ የሚስቅ፥ ታማኝነቱ ከጥናቱ የሚበልጥ፤ በጅሮንድ ሊሻን፥ የቻርጀሮችና የዲቫይደሩ ጠባቂ፥ ያለ እርሷ ፈቃድ አንድ ስልክ የማይሞላ፤ ብላታ ቴዎ፥ የጉባኤው የቴሌግራም ቡድን በር አጋፋሪ፥ ሲከፋው አባርሮ ሲደላው የሚመልስ፤ እመቤት ሰብሊ፥ በባለ ቀለም እስክሪብቶ መጽሐፉን ሁሉ ቢጫ ቀብታ፥ ሳይቀባ የቀረውን ለይታ የምታነብ፤ እድላዊት፥ በቴሌግራሙ ሁሉን አይታ አንድም ቀን መልስ ሰጥታ የማታውቅ፤ በመጨረሻም ሐሴት፥ ከሰሜን የመጡ መምህር ልጅ፥ እዚሁ አርባ ምንጭ ተወልዳ ያደገች፥ በምክትል ሊቀ መንበርነት የተሾመች። ይህች ሐሴት መልካም ልጅ ነበረች፤ አንድ ክፉ ጠባይ ብቻ ነበረባት፥ እርሱም ታጠና ነበር።

የንግሥናቸው መጀመሪያ ሥራ መተዳደሪያ ደንብ ማውጣት ሆነ። በእኛ አገር ሦስት ሰው ለሻይ ቢቀመጥ ሰብሳቢ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሳይመርጥ ሻዩ አይቀዳም፤ ፈተና የሚያህል ነገር ተይዞማ እንዴት ተደርጎ። ስለ ማርፈድ አንቀጽ ወጣ፥ ስለ ማርፈድ ቅጣት ሌላ አንቀጽ ወጣ፥ ቅጣቱን መቃወም ስለሚቻልበት ሥነ ሥርዓት ደግሞ ሦስተኛ አንቀጽ ወጣ። ኩላሊት ሊጠና በተቀጠረበት ሳምንት እድላዊት ዝም ብላ መቀመጧ እንደ መገኘት ይቆጠር ወይስ አይቆጠር፥ ምልዓተ ጉባኤው ሞላ ወይስ አልሞላም የሚል ክርክር ተነሥቶ ፀሐይ ጠለቀች፤ ኩላሊትም ሳይነካ ቀረ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰብሊ የጥናት መርሐ ግብሩን በአራት ቀለም ሥላ በማንጎው ግንድ ላይ ሰቀለችው፥ ሁሉም ቆሞ አደነቀው፥ ፎቶ አነሡት፥ ፎቶውም በቴሌግራም ተላለፈ። ሰውም የተመረቀ ያህል ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

አንድ ቀን ደግሞ ሊቀ መንበሩ ጸጥታ ፍለጋ ሠራዊታቸውን አስከትለው በሦስት ባጃጅ ወደ ምንጮቹ ደን ዘመቱ። በዚያም ዝንጀሮ ከዛፍ ወርዶ የፊታውራሪ ላቀውን ቦርሳ ነጠቀ፤ ሙዙን በላ፥ የፋርማኮሎጂውን ሀንዳውት ግን አሽትቶ ወረወረው። ሠራዊቱ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሳይዞር ሮጠ። ሊቀ መንበሩም በዚያው ቀን ጠላት ፋርማኮሎጂን አይቶ ሸሸ ተብሎ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዙ፥ ተያዘም።

ሐሴት ግን በዚህ ሁሉ መሐል ጥግ ይዛ ታነብ ነበር። ይህ የልዕልና ጉዳይ ስለሆነ አዋጅ ወጣባት፦

«አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እኔ ሽመክት፥ የጉባኤያችሁ ሊቀ መንበር፥ እንዲህ ብያለሁ፦ ከጉባኤው ቀድሞ ምዕራፍ የገለጠ አንድነታችንን ንቋልና ለጉባኤው ሁሉ ዓሣ ጥብስ ይጋብዝ። ይህም የጸና ይሁን።»

ሐሴትም ጋበዘች። ሌላም ምዕራፍ ገለጠች፥ ሌላም ዓሣ ጋበዘች። የጫሞ ሐይቅ ዓሣ እንደዚያን ጊዜ በሥርዓት ተበልቶ አያውቅም።

ከዚህ በኋላ ያቺ ጥያቄ መጣች። ያለፈው ዓመት ጥያቄ ነው ተብሎ በቴሌግራም የሚዞር ወረቀት ነበረ፤ ከወረቀቱም ውስጥ አንዲቱ ጥያቄ ወደ አገራችን ቋንቋ ስትመለስ እንዲህ ትላለች፦ አንድ ሕመምተኛ በደም ሥሩ ደም እየተሰጠው ሳለ መንቀጥቀጥ ቢጀምረውና ወገቤን ቢል፥ ነርሷ መጀመሪያ ምን ታድርግ? ኤ፥ ሐኪም ትጥራ። ቢ፥ ሙቀቱንና የደም ግፊቱን ትለካ። ሲ፥ ደሙን ታቁም። ዲ፥ ብርድ ልብስ ታልብሰው። ወረቀቱም በሁለት ዓይነት ይዞር ነበር፤ በብላታ ቴዎ በኩል የመጣው መልሱ ቢ ነው ይላል፥ በሐሴት እጅ የነበረው ሲ ነው ይላል። ሁለቱንም ማን እንደጻፋቸው የሚያውቅ የለም።

ሊቀ መንበሩ ቢ አሉ። ያሉበትም ምክንያት ነበራቸው፤ አባታቸው በሽሮ ሜዳ የሚሸምኑ የዶርዜ ሸማኔ ነበሩና፥ ሳይለካ የተዘረጋ ድር ለጨርቅም ለመቀነትም አይሆንም ሲሉ እየሰሙ ነው ያደጉት። በነርሲንጉም መጽሐፍ ቢሆን መጀመሪያ መመርመር ነው ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ስለዚህ ከወንበራቸው ተነሥተው መጀመሪያ ይለካ ብለው አወጁ፤ ላቀውም ሳይጠየቅ አጨበጨበ። ሐሴት ብቻ ራሷን ነቀነቀች።

እነሆ በማግስቱ ጠዋት ሊቀ መንበሩ በሃይላንድ ውኃ ፊታቸውን ሲታጠቡ፥ ሳሙናው ዓይናቸው ውስጥ ሳለ፥ ሐሴት እውነቷን እንደሆነ ገባቸው። ያልተስማማው ክፉ ደም ወደ ሰውዬው እየገባ ሳለ የምን ቴርሞሜትር ነው? ይህን በልባቸው አወቁ፥ አውቀውም ደነገጡ። ነገር ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ላቀው አጨብጭቧል፥ ቴዎ በቴሌግራሙ አናት ላይ ሰክቶታል፥ ሰብሊ በቢጫ ቀብታዋለች። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ የተባለው ለዚህ ነው ብለው ፊታቸውን አደራረቁና ወደ ዙፋናቸው ተመለሱ። የዚህ ሁሉ መከራ ሥሩ ይህ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። የቢ ወገን ከማንጎው በስተ ምሥራቅ ተቀመጠ፥ የሲ ወገን በስተ ምዕራብ ተቀመጠ፥ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጡ። በጅሮንድ ሊሻን ልቧ ከሲ ነበረ፥ ዲቫይደሩ ግን በቢ በኩል ነበረና ወዲያና ወዲህ ትል ነበር። እድላዊት ከየትኛው ወገን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሐሴትም ሌላ የቴሌግራም ቡድን ከፍታ ይህን አዋጅ አወጣች፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ ብሎ ነገር የለም፥ ሁላችሁም ኦንላይን ናችሁ። ሰውዬው እየተንቀጠቀጠ ነው። ደሙ እየገባ ነው። እናንተ ቴርሞሜትር ፈልጋችሁ እስክትመጡ ድረስ የምትለኩት ሬሳ ነው። እኔ አቁሜዋለሁ። የሚያቆም ይከተለኝ!»

ሊቀ መንበሩ ይህን አንብበው በልባቸው ልጅቷስ እውነቷን ነው አሉ፤ በጣታቸው ግን እንዲህ ብለው መለሱ፦

«እኛ ሳንለካ አንነካም! የአባቶቻችን ሙያ ይመስክር! ከሃዲ ሁሉ ከማንጎው ጥላ ይውጣ፥ ፀሐይ ይምታው!»

ላቀውም ከዚህ በታች የእሳት ምልክት ደርድሮ ላከ። እንደ ንጉሡ አጎንብሱ ይሉሃል ይህ ነው።

ፈተናው ሲቃረብ የመብራቱ ነገር አስቸጋሪ ሆነ፤ አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን ይጠፋ ነበር። በመጣበት ቀን ሁሉም ስልኩን ይዞ ወደ ዲቫይደሩ ተጋፋ። ፊታውራሪ ላቀው የሐሴትን ስልክ ነቅሎ የሊቀ መንበሩን ሰካ፤ የሲ ወገን ገመዱን ከወዲያ ያዘ፥ የቢ ወገን ከወዲህ ያዘ፥ ጉተታ ሆነ። ሰማያዊው ዙፋን ተገለበጠ፥ ድንጋዩም ተንከባሎ የሰብሊን እግር አገኘው። ሰብሊ ጮኸች፥ ቴዎ ተሰደበ፥ ላቀው ጫማውን አወለቀ። ገመዱ ከመሐሉ ተበጠሰና የግቢው መብራት በሙሉ ድርግም አለ።

በዚያች ቅጽበት፥ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፥ እማማ ወለቴ ቆጮና ዳጣ ተሸክመው ከዶርዜ ወርደው በግቢው በር ገቡ። ለልጃቸው ስንቅ ሊያደርሱ ነበር የመጡት። ልጃቸው የተበጠሰ ገመድ ጫፍ ይዘው በቁጣ ቀልተው ቆመው አገኙዋቸው። እንደዚህም ብለው አወጁ፦

«ኡኡ! የሰው ያለህ! ሐኪም ነው ያልኩት ልጅ በገመድ ይጓተታል! ሽማግሌ የለም ወይ በዚህ አገር?»

ሽማግሌ ነበረ። ለሌላ ዕርቅ ከደጋ የወረዱ የጋሞ አባቶች በጎረቤት ግቢ ተቀምጠው ነበርና፥ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ፤ አለቃቸውም ጋሽ ሕዝቅኤል ነበሩ። ምን ሆናችሁ ብለው አልጠየቁም። ከአጥሩ ሥር ለምለም ሣር ነጭተው በእጃቸው ያዙ፥ በሁለቱ ወገን መሐል ገብተው በግቢው ጭቃ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ምድር ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ የሚራመድ የለም፤ ጎሜ ነው፥ ማለትም ቢደፍሩት ቤት ድረስ ተከትሎ የሚመጣ ነውር ነው። ላቀው ጫማውን መልሶ አጠለቀ። ጋሽ ሕዝቅኤልም ሣሩን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«በመጀመሪያ ይቁም! ማን ጀመረ፥ ማን መታ፥ እሱ ኋላ ነው። ጸብ እየፈሰሰ ነገር አይጠየቅም። መጀመሪያ ይቁም፤ ሲቆም እንጠይቃለን፥ ጊዜ አለን።»

ሊቀ መንበሩ ይህን ሲሰሙ ጆሯቸው ጋለ። ሐሴት ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን ወደ ማንጎው አዞረች። ሌላው ግን ምንም አልገባውም።

ጸቡ ከቆመ በኋላ አባቶች በማንጎው ሥር በክብ ተቀመጡ፥ ነገሩንም በየተራ ሰሙ። መጀመሪያ ቢ የመሬት ወሰን መሰላቸው፤ አይደለም ተባሉ። ቀጥሎ ሲ የተጠለፈች ልጅ መሰለቻቸው፤ እርሷም አይደለችም ተባሉ። ሁለቱም የፈረንጅ ፊደል እንደሆኑ፥ በፊደሎቹም ላይ አንድ የታመመ ሰው እንዳለ፥ ሰውዬው ግን በእውነት እንደሌለ ሲረዱ፥ አባቶች ነገሩን እንደገና ከመጀመሪያው አስነገሩ። አንደኛው ሽማግሌ ለሌለው ሰውዬ አዝነው ከንፈራቸውን መጠጡ። በመጨረሻ ጋሽ ሕዝቅኤል ፍርድ ሰጡ፦

«እኛ ቢን አናውቅም፥ ሲንም አናውቅም፥ የኛ አገር ልጆች አይደሉም። እናንተን ግን እናውቃለን። ከዛሬ ጀምሮ ቢ ብሎ በአፉ የጠራ፥ ሲ ብሎ በአፉ የጠራ፥ ይችን ሣር ረገጠ፥ ጎሜ ነው። በፈተናው ቀን ሁሉም ከልቡ ጋር ይማከር። አሁን አብራችሁ ብሉ። እግዜር ያሳልፋችሁ!»

ሁለቱም ወገን ሣሩን ዳሰሰ፥ ማለ። ከእማማ ወለቴ እጅ ቆጮውን በዳጣ በሉ፥ ዳጣውም የሁሉንም ዓይን እኩል አስለቀሰ።

ከዚያም በኋላ በማንጎው ሥር ተአምር ተደረገ፤ ጉባኤው አጠና። የሚጣሉበት ነገር ስለጠፋ ሌላ የሚሠሩት አጡ። ሐሴት አስረዳች፥ ሊሻን ጠየቀች፥ ኩላሊትም በስተመጨረሻ ተጠና። ሊቀ መንበሩም ዙፋናቸውን ወደ ሌሎቹ ወንበሮች አስጠግተው፥ መጀመሪያ በኩራት ኋላም በጭንቀት፥ ያልገባቸውን ይጠይቁ ጀመር። ላቀው ብቻ ወደ ክቡ አልገባም። እርሱ ሊቀ መንበሩ በነገሡበት ወራት ያወጁትን መልስ ሁሉ በፊደሉ ብቻ ይሸመድድ ነበር፤ ከጥያቄው አንድ ቃል፥ ከመልሱ አንድ ፊደል፥ እንደ ዳዊት ደጋሚ እየተወዛወዘ። ሊቀ መንበሩ ይህን አይተዋል። አይተውም መልካም አገልጋይ ብለው በልባቸው ደስ አላቸው እንጂ ተው አላሉትም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሊቀ መንበሩ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፥ ላቀው የሃይላንድ ውኃቸውን ይዞላቸው፥ በባጃጅ ወደ ፈተናው አዳራሽ ገሠገሡ። በበሩ ላይ ስልካቸው ተወሰደ፥ ሰዓታቸው ተወሰደ፥ የሃይላንዱ ውኃ ተወሰደ፥ ላቀውም ወደ ሌላ ረድፍ ተወሰደ። ጣታቸውን በአሻራ መሣሪያው ላይ አሳረፉ፥ በአንድ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሊቀ መንበር አልነበረም፤ ሽመክት ብቻ ነበረ፥ የወለቴ ልጅ፥ መዳፉ ያላበው።

ጥያቄዎቹ መጡ፥ መለሰ፥ ሌሎች መጡ፥ ገመተ። ኩላሊት መጣች፥ ሐሴትን በልቡ መረቃት። ከዚያ እነሆ ያቺ ጥያቄ ራሷ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ብቅ አለች፤ ደም የሚሰጠው ሰውዬ፥ መንቀጥቀጡ፥ ወገቡ። ሽመክት ጣቱን እንደለመደው ወደ ቢ ሰደደ። ጣቱ ሳያርፍ ግን ምርጫዎቹ ቦታ እንደተለዋወጡ አየ፤ ቢ ብርድ ልብስ ሆናለች። መለካት ወርዶ ከታች ተቀምጧል፥ ደሙን ማቆም ወጥቶ ከላይ ተቀምጧል። ወዳጆቼ፥ ያን ያህል የተዋጋላት ባንዲራ በእጁ ላይ ባዶ እንጨት ሆነችበት። ፊደሉ ሲነሣ የቀረው ሰውዬው ብቻ ነበር። እየተንቀጠቀጠ፥ ደሙ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ክንዱ እየገባ፥ እየተመለከተው።

ሽመክት አሁን የምሩን ፈራ። ነገ በኦቾሎ ሸንተረር ላይ እንዲህ ያለ ሰው ቢገጥመኝ የማንን ወገን ነው የምጠራው ብሎ አሰበ። ጋሽ ሕዝቅኤል በጭቃው ላይ ተንበርክከው በዓይኑ መጡ። መጀመሪያ ይቁም። ሽመክትም ደሙን አቆመ። ሲያቆም ከትከሻው ላይ የሆነ ነገር ወረደለት፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ውጤቱ በወጣ ቀን ሐሴት ፈተናውን በብዙ ነጥብ አለፈች፥ ሊሻንና ሰብሊ አለፉ፥ ቴዎም አለፈ፥ እድላዊት ማለፏን ማንም ሳይጠይቃት ዝም ብላ አለፈች። ሊቀ መንበሩም አለፉ፤ ያለፉት ግን በር ሲዘጋ ጋቢያቸው ተይዞ እንደቀረ ሰው፥ በጥቂት ነው። እማማ ወለቴ በዶርዜ ገበያ መሐል ቆመው እንዲህ አወጁ፦

«ስሙ እንግዲህ! ልጄ አለፈ! ጉልበት ያመማችሁ ወደ ኦቾሎ፥ ወገብ ያመማችሁም ወደ ኦቾሎ! እኔን ተዉኝ፥ ጥጤን ልፍተልበት!»

በማንጎው ሥር ግብዣ ሆነ፥ ዓሣው ተጠበሰ፥ ሰማያዊው ወንበር በነጠላ ተሸፈነ። የቢ ወገን የነበረው ሁሉ የሊቀ መንበሩ ማለፍ የራሱ ድል መሰለው። ፊደሉን በአፍ መጥራት ጎሜ ነውና ሁለት ጣቱን እያነሣ፥ ሁለተኛው ምርጫ እያለ በምልክት ይፎክር ጀመር። ሊቀ መንበሩም ጣቶቹን አይተው ፈገግ አሉ፥ ዝምም አሉ፤ መሐላው አፌን ይዞኛል ብለው በልባቸው ተመቻቹ። ሐሴት ከፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ዓሣዋን እየፈለፈለች አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው፥ እንደገናም ወደ ዓሣዋ ተመለሰች።

በዚህ መካከል ፊታውራሪ ላቀው ገባ። አላለፈም ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፥ ሸሚዙ ግን የፈተናው ቀን ሸሚዝ ነው፥ ተተኩሷል። በጉባኤው መሐል ቆሞ ሁለት ጣቱን ከሁሉ በላይ ከፍ አደረገና እንዲህ ብሎ አወጀ፦

«ጋሼ ሊቀ መንበር፥ እኔ ባላልፍም አላፈርኩም! ጥያቄዋ ስትመጣ ወዲያው አወቅኳት። ምርጫውን ማንበብ ራሱ ክህደት መሰለኝ። ሁለተኛዋን ተጫንኳት! ሌሎቹንም እርስዎ እንዳሉት፥ በፊደላቸው፥ አንድ ሳላዛንፍ! እስከ መጨረሻው ከእርስዎ ጋር ነኝ!»

ሰው ሁሉ አጨበጨበለት። ሊቀ መንበሩ ያነሡትን ዓሣ መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩ። ላቀው ያንን ሁሉ ፊደል ሲሸመድድ ያዩበት፥ አይተውም ደስ ያላቸው ቀን በፊታቸው መጣ። አፈሩ፤ ከጸጉራቸው እስከ ጥፍራቸው አፈሩ። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅም ነበር፥ መሐላውም ይሸፍናቸው ነበር። ነገር ግን ነጠላ ከለበሰው ወንበር ተነሥተው ቆሙ፥ የንግሥናቸውንም የመጨረሻ አዋጅ አወጁ፦

«ላቀው፥ ወንድሜ፥ ፊደል አልጠራም፥ ምያለሁ። እኔ ግን ደሙን አቁሜዋለሁ። ማቆም እንደነበረብኝ ያወቅኩት ከሁላችሁ በፊት ነው። አፍሬ ነው ያልነገርኩህ።»

ማንጎ እንኳ አልወደቀም። ጣቶች አንድ በአንድ ወረዱ። ላቀው እጁን እንዳነሣ እንዲህ አለ፦

«እንዴ! ከተጫንኳት በኋላ ነው ብርድ ልብስ መሆኗን ያየሁት፤ ታዲያ እኔ ያንን ሰውዬ ያለበስኩት ለማን ብዬ ነው?»

መጀመሪያ የሳቀችው ሐሴት ናት፥ ከዚያም ሁሉም ሳቀ፥ ላቀው ራሱ እንባውን እየጠረገ ሳቀ፤ እንባው ግን የሳቅ ብቻ አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ከወንበሩ ላይ ነጠላውን አነሡና ለላቀው ቦታ ለቀቁለት። ላቀውም ተቀመጠ፥ ድንጋዩን በእግሩ አስተካክሎ።

እንግዲህ ስለ ሽመክት ወልደ ወለቴ የሚነገረው ይህ ነው። በኦቾሎ ነጭ ጋዋን ለብሶ ይሠራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ወርዶ በማንጎው ሥር መሬት ላይ ይቀመጣል፥ ላቀው በወንበሩ ላይ ሆኖ ያነባል፥ ሐሴትም ስትመቻት መጥታ ታርማለች። ዓሣውን የሚጋብዘው አሁን ሽመክት ነው። እነሆ ክብር ለእርሱ ይሁን፥ ዝንጀሮን በፋርማኮሎጂ ላባረረ፥ ባልተጠና ኩላሊት ላይ ለነገሠ፥ ድርን ሳይለካ ለማይዘረጋው ሸማኔ ልጅ፥ ደምን ሳይለካ ላቆመ፥ ከድሉ ሁሉ በኋላ አንድ ጊዜ ለማፈር ለደፈረ፤ ስሙ በሴቻም በሲቀላም፥ በደጋም በቆላም ከፍ ከፍ ይበል፥ የሰማ ሁሉም አሜን ይበል። ሁሉም አሜን አለ። ላቀው ብቻ አሜን አላለም፥ ሌሎቹ ምርጫዎች ምን እንደሆኑ መጀመሪያ ይነበቡልኝ ብሎ።